የኸባብ ቦታ

የኸባብ ስም ተመልሶ የበራው በገበያ ቀን፣ ከአስር ሰላት በኋላ ነበር። ሩፋይዳ በጠሃ ሞባይል መጠገኛ ውስጥ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ጎን ዱካ ላይ ተቀምጣ ጌሙን ገና መክፈቷ ነው። ከአራቱ ስሞች አንደኛው ረመዳን ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ግራጫ ሆኖ ከርሟል። አሁን ከጎኑ ያቺ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ቦግ ብላለች።

«ጠሃ! ኸባብ ገባ! ወላሂ ገባ!»

ጠሃ መፍቻውን ከእጁ ሳያስቀምጥ ቀና አለ። ፈገግታው ትንሽ ዘግይቶ መጣ። ያኔ ልብ አላለችውም፤ ኋላ ግን ያቺን ትንሽ መዘግየት እየመላለሰች አሰበቻት።

«አልሃምዱሊላህ» አለ። «ስንቴ ነገርኩሽ? አረብ አገር ሰው ይጠፋል፣ ይመጣል። በይ ግቢ፣ እኔም መጣሁ።»

ጌሙ አራት ሆነው የሚጫወቱት ነው። ከአውሮፕላን ደሴት ላይ ይወርዳሉ፣ መሣሪያ ይለቅማሉ፣ እንደነሱ አራት አራት ሆነው የወረዱትን ይገጥማሉ። የተመታ ሰው ወዲያው አይሞትም፤ በጉልበቱ እየዳኸ፣ ደሙ እየፈሰሰ ይጠብቃል። ጓደኛው ደርሶ ካነሳው ይድናል፤ ካልደረሰለት አበቃለት። ስለዚህ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። ጠሃ መሪ ነው፤ የት እንደሚወረድ የሚወስን እሱ ነው። የመድረሳው ልጅ ሙጀሂድ ቀዳሚ ነው፤ በር ገንጥሎ ይገባል። ሩፋይዳ ከሩቅ ታነጣጥራለች። ወንድሟ ኸባብ አንሺ ነበር።

ቡድኑን «ቅሬ» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ቅሬ በአገሩ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩን ሁሉ የሚይዝ የቀብር ማኅበር ነው፤ አንድ ሰው ሲሞት ለፋፊው ይጮኻል፣ ያረሰም የነገደም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል። ኸባብ ጌም ውስጥ የወደቀ ጓደኛ ሲያይ ጥይት እየዘነበ፣ መሸፈኛ ጭስ እንኳ ሳይወረውር፣ እንደ እብድ ይሮጥ ነበር። ግማሹን ጊዜ ራሱም እዚያው ይወድቅና ጠሃ ይነድዳል።

«አንተ ለቀብር እንጂ ለጦር አልተፈጠርክም!» ይለዋል።

«ቅሬ የወደቀ ጥሎ አይሄድም። ደንቡን ካልወደድከው ቅጣትህን ክፈልና ውጣ» ይላል ኸባብ እየሳቀ።

በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ፣ በባሕር አልፎ ሳዑዲ ከገባ በኋላም ከጌሙ አልቀረም። ጂዛን አካባቢ የሰው እርሻ እየጠበቀ ነበር። ስልክ መደወል ስለሚከብደው ከቤተሰቡ ጋር የሚያወራው በዚያው በጌሙ ማይክ ነው። ሩፋይዳ ስልኩን ትይዛለች፣ ታላቅ እህታቸው ዙሀራ ከጎኗ ሆና ትጮኻለች፤ «በላህ ወይ? ሰገድህ ወይ?» ትላለች፤ ጠሃና ሙጀሂድም መሸሸጊያ ፍለጋ እየሮጡ ይሰማሉ።

ያን ቀን ግን ማይኩ ዝም አለ። በጽሑፍ «ማይኬ ተበላሽቷል» የሚል መጣ።

«የት ጠፍተህ ነው አንተ ከንቱ! ዙሁ እንቅልፍ አጣች እኮ» ብላ ጻፈች።

«ሥራ በዝቶ። ሰላም ነኝ። ለዙሁ ሰላም በይልኝ።»

ወረዱ። ጨዋታው ሲጋጋል ሩፋይዳ ከአንድ ፈራሽ ቤት ሥር ተመታች። ኸባብ ከአጠገቧ ካለው ግንብ ጀርባ ነበር። እየዳኸች ወደሱ ዞረች። የሱ ሰውዬ አንገቱን አውጥቶ አያት። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ሮጠ።

ደሟ እስኪያልቅ ስክሪኑን ማየት እንጂ ሌላ ማድረግ የምትችለው አልነበረም። ከሞተች በኋላም ጌሙ የሱን ጨዋታ ያሳያት ጀመር። ይደበቃል። ያደፍጣል። ከበር ጀርባ ሆኖ ይተኩሳል። ጥሩ ይጫወታል። ቡድናቸው ሁለተኛ ወጣ፤ ጠሃ አጨበጨበ።

«ጥሎኝ ሄደ እኮ» አለች ሩፋይዳ።

«ታዲያ ደግ አደረገ! አሁን ትልልቅ ቡድኖች እንዲህ ነው የሚጫወቱት። አንሺ፣ ቀዳሚ የሚባል ቋሚ ቦታ ቀርቷል። ሁሉም ሁሉን ይሠራል። የወደቀ ወደቀ፤ የቀረው ይቀጥላል። እኛም ቦታችንን እንደ አዲስ ማሰብ አለብን።»

«ኸባብ እንዲህ አይጫወትም።»

«ሰው ሲሄድ ይለወጣል ሩፊ።»

«ሙጀሂድስ ዛሬ ለምን ቀረ?»

«ስልኩ ተበላሽቶበታል።»

«የሞባይል ጠጋኝ ጓደኛ እያለው?»

ጠሃ ሳቀ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሥራው ላይ ተተከለ።

ዙሀራ ደጅ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ ነበር። መውለጃዋ ደርሷል፤ ሆዷ ወደ ፊት ገፍቶ ጉልበቷን ሸፍኖታል። እናት ከሞተች ወዲህ ለሁለቱ እናት እሷ ናት። ባሏ ሙሐሲን የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ያድራል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ይኼኛውን የያዘችው በጾምና በዱዓ፣ ባልዲ እንኳ ሳታነሳ ነው።

«ኸባብ ገባ!» ስትላት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። እንባዋ ወረደ።

«ያ ረቢ ምስጋና ላንተ ይሁን! ምን አለ? ከሳ ወይ?»

«በጽሑፍ መክሳት አይታይም እኮ ዙሁ።»

«አንቺ ታውቂያለሽ። ፊትሽን ሳይ እኮ ገና ከበር ነው የገባኝ።»

ያን ምሽት ዙሀራ ደህና በላች። ሩፋይዳ ግን ያን ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ ሰውዬ ከዓይኗ ልታወጣው አልቻለችም።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ልስልስ አለባት። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ተራ ለቀቁላት፤ በከተማቸው በመካነ ሰላም ለወፍጮ ተራ ወንድምና እህት ይጣላሉ እንጂ ማንም ለማንም አይለቅም። ጎረቤታቸው እትዬ ፈንታዬ በየማለዳው ወተት ታመጣለች፤ ኩባያውን ስታቀብል የሩፋይዳን እጅ ይዛ ትቆያለች፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ» ትላለች፤ ምን ሆና እንደምትበሽር ግን አትነግራትም። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አራጌ መንገድ ላይ አግኝተዋት ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ። ያን ያህል ሽማግሌ ለአንድ ገና ትናንት አስራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረሰች ልጅ መነሣታቸው አሳፈራት።

«ኧረ ይቀመጡ አባቴ! ምን አደረግሁ?»

«ምንም ልጄ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

አንድ ቀን ደግሞ በቅሬው መጋዘን በኩል ስታልፍ ድንኳኑ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ አየች። ትልልቁ ብረት ድስትም ታጥቦ ተደፍቷል። በሰፈሩ ደግሞ የሞተ ሰው አልነበረም።

«ማን ሞተ?» ብላ ጠየቀች።

ድንኳኑን የሚያራግፈው ሰው ቀና ብሎ አያትና ወዲያው ዓይኑን መለሰ። «ማንም። ብል እንዳይበላው ነው» አለ።

ኸባብ በየቀኑ ባይሆንም መግባቱን ቀጠለ። ጥሎኝ ሄደ ብላ ለጠሃ ካጉረመረመች በኋላ ጨዋታውም ተለወጠ፤ በወደቀች ቁጥር ይመጣላት ጀመር። ይመጣል፣ ጭስ ይወረውራል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ያነሳታል። እንደ ደንቡ። ኸባብ ግን ጭስ ወርውሮ አያውቅም። የነገረችው ደግሞ ለጠሃ ብቻ ነበር።

ሌላም ነገር አስተዋለች። ሙጀሂድ ሲገባ ኸባብ የለም፤ ኸባብ ሲገባ ሙጀሂድ ለሕፃናት ቁርዓን ያስቀራል፣ ወይ ስልኩ ተበላሽቷል፣ ወይ ራሱን አሞታል። አራቱ ስሞች አንድ ላይ አይበሩም። ነገሩ አእምሮዋ ውስጥ ብቅ ሲል ታባርረዋለች፣ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

መብራት የጠፋው ሐሙስ ቀን ነው። እሷና ጠሃ ሱቁ ውስጥ፣ ኸባብ ከሳዑዲ፣ ሦስት ሆነው አንድ ኮረብታ እየወጡ ነበር። የጠሃ አምፖል ድርግም አለ፤ ከሱ ጋር የዋይፋዩ ሳጥን መብራቶች ጠፉ። በመብራት መቋረጥ የሚገረም ሰው የለም። የሩፋይዳ ስልክ በራሱ ወደ ዳታ ተሻግሮ ተንገታግቶ ተመለሰ። ኮረብታው ላይ ብቻዋን ቆማ ራሷን አገኘች። የጠሃ ስም ጠፍቷል፤ ዋይፋይ ነበርና ይገባታል።

የኸባብም ስም ጠፍቷል።

ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። መካነ ሰላም መብራት ሲጠፋ ጂዛን ያለ ሰው እንዴት አብሮ ይጠፋል?

«ወዴት ነው?» አለ ጠሃ ብድግ ስትል። «ሩፊ፣ ቆይ! አሁን ይመጣል መብራቱ!»

አልቆየችም። የሱቁ ዋይፋይ እስከ መድረሳው ግንብ ድረስ እንጂ ከዚያ እንደማያልፍ ታውቃለች፤ ድሮ አራቱም ቦታ ሲጠባቸው እዚያ ጥላ ሥር እየተቀመጡ ተጫውተዋል። በጀርባ በኩል ዞረች። ሙጀሂድ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ስልኩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ኔትወርክ ይፈልጋል። ስትመጣ አላያትም።

«ስልክህ ተሠራልህ?» አለችው።

ደነገጠ። ስክሪኑን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

«አሳየኝ።»

«ሩፊ፣ በአላህ...»

«አሳየኝ ሙጄ።»

አላሳያትም። ግን እጁ ዛለና ስልኩ ዝቅ አለ። ላይኛው ጥግ ላይ የኸባብ ስም ተጽፏል። የይለፍ ቃሉን የሰጠው ኸባብ ራሱ ነው፤ በረሃውን ሲያቋርጥ በየቀኑ የሚሰጠው ሽልማት እንዳያመልጠው «እየገባህ ተቀበልልኝ» ብሎት ነበር።

«ወንድሜ የት ነው?»

ሙጀሂድ የመጣለት ሰው ሲሞት እንዲባል የተማረው ነው። «ኢና ሊላሂ...» ብሎ ጀመረ። መጨረስ አልቻለም፤ መጨረስም አላስፈለገውም።

አፏ ሲከፈት ጠሃ ከኋላ ደርሶ እጁን አጣምሮ ለመናት። «አትጩኺ! በእናትሽ፣ በአላህ፣ አትጩኺ! የዙሀራ ግቢ እዚህ ነው፤ ትሰማለች!» እውነቱን ነው፤ መሐል ያለው አንድ አጥር ነው። የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችና ነከሰችው። ድምፁ ወደ ውስጥ ገባ።

ነገሯት፤ ረመዳን ሊገባ ሲል ነበር። ኸባብን ከሌሎች ሠራተኞች ጋር የጫነ መኪና ከተራራ መንገድ ላይ ተንሸራቶ ገደል ገባ። እዚያው ቀበሩት። አብሮት ይሠራ የነበረ የከላላ ሰው ነው ለሙሐሲን የደወለ፤ ሙሐሲን ለጋሽ አራጌ ነገረ።

«ማን ማን ያውቃል?» አለች፣ ጨርቁን ካፏ ስታወጣ።

ሁለቱ ተያዩ።

«ቅሬው» አለ ሙጀሂድ።

«ቅሬው ማለት?»

«ሁሉም።»

ወፍጮ ቤቱ መጣባት። ወተቱ። ድንኳኑ። ስትስቅ ያዩዋት ሁሉ። ትናንት መንገድ ላይ «ኸባብ ደህና ነው እኮ!» ብላ የነገረቻቸውና «አልሃምዱሊላህ» ያሏት ሁሉ።

ጋሽ አራጌ በማን እንደተጠሩ አላወቀችም፤ ብቻ መጡ። ሱቁ ውስጥ ዱካው ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ። ጠሃ በሩን መለሰ።

«የእናታችሁን መርዶ የነገርኋችሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ዙሀራ ያኔ እርጉዝ ነበረች። እንደ ወጉ በማለዳ ሄድን፣ እንደ ወጉ ነገርን። ሳምንት ሳይሞላ ለፅንሱ ሁለተኛ ጉድጓድ አስቆፈርሁ። አሁን ይህ ሲመጣ፣ እስክትገላገል ማንም ትንፍሽ እንዳይል አልሁ። ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። ቅሬ ውስጥ ወሬ አይደበቅም ይላሉ፤ ይኸው ተደበቀ።»

«እኔስ? እኔ እርጉዝ ነኝ?»

«አንቺ መዋሸት አትችይም ልጄ።» ድምፃቸው ክፋት የለውም፤ ያስፈራትም እሱ ነው። «ዙሀራ የኛን አፍ አታምንም። የምታየው ያንቺን ፊት ነው። አንቺ ካመንሽ እሷ ታምናለች። ልጆቹ ለሁለት ሳምንት ያህል እምቢ ብለውኝ ነበር። ጭንቀቷ በርትቶ ደም ስታይ ግን በጌሙ ግቡ አልኋቸው። ለሁሉም ቦታ ቦታውን ሰጠን። ላንቺ የደረሰሽ ማመን ነው።»

ሩፋይዳ ስንት ዓመት ከሩቅ አነጣጣሪ ነበረች። ሁሉን የማየው እኔ ነኝ ትል ነበር። አሁን ስታስበው እሷ መጫወቻው መሐል ላይ ቆማ፣ አገር ሁሉ ከየግንቡ ሥር ሆኖ ሲያያት ከርሟል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ጌሙ ውስጥ የወደቀ ሰው ቢያንስ ይጮኻል፣ ስሙ ላይ ቀይ ይበራል፣ ጓደኞቹ ያውቃሉ። ኸባብ ወድቆ፣ ስሙ ላይ አረንጓዴ አበሩበት።

«አሁንስ ምን ልሁን?» አለች።

«አሁን ዐወቅሽ» አሉ ጋሽ አራጌ ሲነሡ። «ቦታሽ ተለወጠ። ፊትሽን ታጥበሽ ሂጂ።»

ታጥባ ሄደች።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለች ዙሀራ ገና ከበር።

«ጠሃ ስልክ ሲበይድ ጢሱ ገባብኝ።»

«ኸባብስ ገባ?»

«ገብቷል። ሰላም ብሎሻል። በሳቅ ገደለን።»

ውሸቱ እንደ ቅቤ ተንሸራትቶ ወጣላት። መዋሸት አትችልም ተብላ እዚህ የደረሰች ልጅ፣ በመጀመሪያዋ ቀን እንዲህ አሳምራ መዋሸቷ አካላቷን አቀዘቀዘው። ዙሀራ ፊቷን አይታ ፈገግ አለች፣ ጋቢዋን ሰበሰበች።

«እንግዲያ ማይኩን ያሠራ በይው። ሙሐሲን መንገድ ላይ ነው፤ ይድረስ አይድረስ አላህ ያውቃል። ልጄ ሲወለድ አዛኑን በጆሮው የሚል ወንድ ከቤታችን ማን አለኝ? ኸባብ ይበልልኝ። የልጄ ጆሮ መጀመሪያ የሚሰማው ያጎቱን ድምፅ ነው። ይኼን ካላደረገ ወንድሜ አይደለም በይው።»

ሩፋይዳ በማግስቱ ለሁለቱ ነገረቻቸው። ጠሃ ራሱን ያዘ። ሙጀሂድ ግን፣

«እኔ እላለሁ» አለ። «ከአንድ ኡስታዝ ነው ቁርዓን የቀራነው። አዛናችን አንድ ነው፤ ሰው ይለየን አልነበረም። ኔትወርኩ ደግሞ ይቆራርጣል። አታውቀኝም።»

«በኸባብ ስም?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? የተኛችበት አልጋ ላይ መርዶ ላርዳት?»

የሩፋይዳን ዝምታ እሺ ብለው ቆጠሩት።

እስከዚያው ጨዋታው ቀጠለ፤ ዙሀራ አንዳንዴ ከጎኗ ጋደም ብላ ስክሪኑን ታያለችና። ወንድሟ ለማንሳት ሲሮጥ ተመትቶ ሲወድቅ መሳቅ ትወዳለች። ስለዚህ ሩፋይዳ ሙጀሂድን ታስተምረው ጀመር። «ጭስ አትወርውር። አትይ ግራ ቀኝ። ዝም ብለህ ሩጥ። ስትሮጥ እንደ ጥንቸል ዝለል፣ እሱ ይዘል ነበር።» ሙጀሂድ ተማረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ወድቃ ሳለ ያ ሰውዬ ከዛፎቹ መሐል ፈንጥሮ ወጣ፣ በጥይት መሐል እየዘለለ ወደሷ መጣ፣ ዙሀራ «ይኸው ያ እብድ!» ብላ ጮኸች፣ የሩፋይዳም ልብ ዘለለ፤ መጣልኝ አለች። ለአንድ አፍታ ረሳች። ከዚያ ትዝ ሲላት ስልኩን ደፍታ ወደ ጓሮ ወጣችና አጥሩን ይዛ ቆመች። ይኼን ያስተማርሁ እኔ ነኝ አለች በልቧ። ሲሞት እነሱ ደበቁት፤ እኔ ደግሞ ቦታውን ለሌላ ሰጠሁበት።

ዙሀራ ምጧ የመጣው በማለዳ ነው። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ፀሐይ ከፍ ሳትል ሴት ልጅ ተወለደች፤ ደህና፣ ሙሉ፣ እየጮኸች። እትዬ ፈንታዬ እልል አለች፤ እልልታዋ መሐል ላይ ተሰነጠቀና ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

ሩፋይዳ ብቅ ብላ በመስኮት አየች። ግቢው ውስጥ የቅሬው ሰዎች በአጥሩ ጥግ ጥግ ቆመዋል። ለልጅ መወለድ ወንድ እንዲህ ተሰብስቦ አይመጣም። ማንም አያወራም። ጋሽ አራጌ ከፊት ናቸው። ሙጀሂድ ግን ከመሐላቸው የለም፤ የት እንዳለ ታውቃለች። ግንቡ ሥር ነው።

«ሩፊ» አለች ዙሀራ። ፊቷ በላብ ርሷል፣ ግን እንዲህ አምሮባት አያውቅም። ልጅቱን በቀኝ ክንዷ ይዛታለች። «ስልኩን አምጪዋ። ገብቶ እንደሆን እይው።»

ሩፋይዳ ከፈተችው። አረንጓዴው ነጥብ በርቷል። ከጎኑ የማይኩ ምልክት አለ፤ እሱም በርቷል።

«ገብቷል» አለች።

«ማይኩን አሠራው?» ዙሀራ ስልኩን ከእጇ ቀማቻት። «ኸባብ! ኸባቤ! ሴት ናት! ሰማኸኝ?»

ከስልኩ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ተሰማ። ኔትወርኩ ቆረጥረጥ አደረገው። ከዚያ ያ ማንም ሊሆን የሚችል ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደህና አላችሁ» አለ፣ ዝቅ አድርጎ።

ዙሀራ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሁለቱንም። «ጉንፋን ይዞሃል አንተ! በል፣ በቀኝ ጆሮዋ ላድርገው? ቆይ...» ፎጣውን ገለጥ አደረገችና ስልኩን ወደዚያች እንደ ቅጠል ወደ ታጠፈች ጆሮ አስጠጋች።

ሩፋይዳ አየቻቸው። አዛን ሰው ወደ ዓለም ሲመጣ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ነው። እስካሁን የተዋሸው ሁሉ ለዙሀራ ነው፤ አላህ ይቅር ይለው ይሆናል። ይኼ ግን ለልጅቱ ነው። ይቺ ልጅ ገና ምንም አልሰማችም። ከዓለም መጀመሪያ የምትሰማው የሙት ስም ተሸክሞ የመጣ ድምፅ ሊሆን ነው፤ አድጋ «አዛኔን ያለው አጎቴ ኸባብ ነው» እያለች ልትምል ነው፤ ያን መሐላ ደግሞ አገር ሁሉ ውሸት መሆኑን እያወቀ «አዎ» ሊላት ነው።

ሙጀሂድ ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ።

ሩፋይዳ እጇን ዘርግታ ስልኩን ወሰደችና አጠፋችው።

«ምን ሆነሻል? ተቋረጠ እኮ!»

«አልተቋረጠም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ለምን?»

ውጭ ጠጠር ላይ የእግር ኮቴ ተንቀሳቀሰ፤ ሰዎቹ ወደ በሩ ቀረብ ብለዋል። እትዬ ፈንታዬ ከግድግዳው ተጣብቃ በዓይኗ «ተይ፣ ተይ» ትላለች። ሩፋይዳ ስልኩን ኪሷ ከተተች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ወደ እህቷ ዘረጋች።

«ልጅቱን ስጪኝ» አለች።

በአገሩ ለሰው መርዶ ሲነገር መጀመሪያ እጁ ላይ ያለውን ይቀበሉታል፤ እንስራም ይሁን፣ ማጭድም ይሁን፣ ሕፃንም ይሁን። ይኼን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም።

ዙሀራ የእህቷን እጆች አየች። ከዚያ ፊቷን አየች፤ ያን ሁሌ የምታምነውን ፊት፣ ቆይታ አየችው። ሳቋ ከከንፈሯ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«አልሰጥሽም» አለች፣ ልጅቱን ደረቷ ላይ እያጣበቀች። «ሩፊ፣ አልሰጥሽም። እጅሽን መልሺ።»

ሩፋይዳ እጇን አልመለሰችም።